የቶተንሃሙ ባንድና የባለቤትነት ጥያቄ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ስለ ተነሣው የእንግሊዝ ሙዚቃ ሲወሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የሊቨርፑሉ ቢትልስ ነው። በሰቨን ሲስተርስና በአካባቢዋ የምንኖር ስደተኛ ተማሪዎች ግን፣ በየቀኑ የምንመላለስበት ጎዳና የራሱ የሙዚቃ ታሪክ እንዳለው ብዙዎቻችን ልብ አላልንም። ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ በሃይ ሮድ ወደ ሰሜን ለሚያቀና ሰው፣ ቶተንሃም ሮያል ይባል የነበረው የዳንስ አዳራሽ የቆመው በዚሁ መንገድ ላይ ነበር። ዴቭ ክላርክ ፋይቭ የተባለው ባንድ ስሙን የተከለው በዚህ አዳራሽ ነው።

ከበሮ መቺው ዴቭ ክላርክ፣ ድምፃዊውና ኦርጋን ተጫዋቹ ማይክ ስሚዝ፣ ጊታሪስቱ ሌኒ ዴቪድሰን፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሪክ ሃክስሊና ሳክስፎኒስቱ ዴኒስ ፔይተን የቀን ሥራቸውን ሳይለቁ ማታ ማታ ይጫወቱ ነበር። በጃንዋሪ 1964 «ግላድ ኦል ኦቨር» የተሰኘው ዘፈናቸው የቢትልስን ዘፈን ከእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት አወረደ። በማርች ወር አሜሪካ ተሻግረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀረቡ።

እስከዚህ ያለው በሰፊው የታወቀ ነው። ከዚህ በስተጀርባ የነበረውን ውል ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በዚያ ዘመን ልማድ ሙዚቀኛው ሙያውን ይሰጣል፤ ኩባንያው የስቱዲዮውን ወጪ ችሎ የተቀዳውን ሥራ የራሱ ያደርጋል። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ክላርክ ግን የቀረጻውን ወጪ ራሱ ከፈለ፤ ዋናውን የቀረጻ ክር በእጁ አስቀርቶ ሥራውን ለኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ አከራየ።

ይሁን እንጂ ባለቤትነቱ የክላርክ እንጂ የአምስቱ አልነበረም። ባንዱ በ1970 ተበተነ። ከዚያም ባለመብቱ ስላልፈቀደ፣ ሥራዎቹ እስከ 1993 ድረስ ለረጅም ዓመታት ከገበያ ጠፉ። እንግዲህ ንብረት ከኩባንያ እጅ ወጥቶ በአንድ ሰው እጅ መግባቱ ብቻውን የሠሪዎቹ ሁሉ ነጻነት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የእኛስ ሙዚቃ ዕጣ ምን ነበር? ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ያንን አጥር ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። አብዮቱ በፈነዳ ማግሥት፣ በ1975፣ ተሰደደ። ያሳተማቸው ሥራዎች ለዓለም በሰፊው የተሰሙት ከ1997 ጀምሮ ፈረንሣይ አገር በታተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ነው። ዋልያስ ባንድም በ1981 አሜሪካን ሲጎበኝ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ በ1985 ያወጣው ካሴት በውጭ አገር እንደገና የታተመው በ2013 ነው።

ዜማ በሕዝብ ልብ ይኖራል፤ እንዲሰማ ወይም እንዲታፈን የሚወስነው ግን ክሩንና ውሉን የያዘው ነው። ስለዚህ በየቤታችን ያለውን ሸክላና ካሴት ከነተጫዋቾቹ ስምና ከታተመበት ዘመን ጋር መዝግበን ማኖር፣ መብቱም የተጫዋቾቹ ሁሉ እንዲሆን መሟገት፣ በስደት ያለን ተማሪዎች ከእጃችን የማይወጣ ኃላፊነታችን ነው።