ግጥም የሌለው ሸክላ፤ የዋልያስ ባንድና «ቼ በለው»

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በማንኩሳና በአካባቢዋ፥ «ቼ» የሚለው ቃል ፈረስ ለሚያውቅ ሰው ትርጓሜ አያሻውም፤ ግልቢያ ማስነሻ ነው። ይህንኑ የባላገር ቃል የዋልያስ ባንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ላወጣው ሸክላ ስም አደረገው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ስለ «ቼ በለው» አሠራርና አቀባበል ነው፤ ዓመታቱንም ሁሉ የምንጠቅሰው በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሀገራችን ሰው፥ ይልቁንም የቅኔ አገር የሆነው የጎጃም ሰው፥ ከዘፈን አስቀድሞ የሚሻው ቃሉን ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እስኪያገኝ ድረስ ዜማው ቆሞ ይጠብቀዋል። እርግጥ ነው፥ እረኛው ዋሽንቱን ያለ ቃል ይነፋል፤ ነገር ግን ይህ የሜዳ መጽናኛ እንጂ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚደመጥ ነገር ሆኖ አልተቆጠረም። እኛም የራዲዮ ሰዎች ቃል የሌለውን ዜማ ለንግግር ማጀቢያ ማድረግ እንወዳለን። ስለዚህ ግጥምን ትቶ በመሣሪያ ዜማ ላይ የቆመ ሸክላ ማውጣት ድፍረት ነበር።

ድፍረቱ ሌላም ነገር ነበረበት። በ1924 ከኢየሩሳሌም ከመጡት 40 የአርመን ልጆች ጀምሮ እስከ ክቡር ዘበኛና እስከ ፖሊስ ኦርኬስትራ ድረስ መለከቱም ደመወዙም የመንግሥት ነበረ። ዋልያሶች ግን በራሳቸው ስም የቆሙ ሲሆኑ፥ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውተዋል። ማህሙድ አህመድንና ጌታቸው ካሳን የመሳሰሉትን ድምፃውያን ሲያጅቡ ኖረው፥ በ«ቼ በለው» አጃቢው ራሱ ባለቤት ሆነ። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፥ ግርማ በየነ በፒያኖ፥ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፥ ዮሐንስ ተኮላ በመለከት፥ በእንግድነትም ሙላቱ አስታጥቄ በቪብራፎን ተሰለፉ። ፈንክ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ምት ከሀገራችን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ጋር አጋቡት። «ሙዚቃዊ ስልት» በተባለው ሥራቸው ባሱና ከበሮው መሬት ረግጠው ሲጋልቡ መለከቶቹ ከላይ ይጣራሉ፤ በእኔ ግምት ከሸክላው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነበረ። በሰዓት እላፊው ምክንያት ወደ ሆቴሉ የገባ ታዳሚ ሳይነጋ መውጣት ስለማይችል፥ ባንዱም አብሮት ያነጋ ነበር። ግጥም ሁሉ በሚመረመርበት በዚያ ዘመን፥ ቃል ከሌለው ዜማ ላይ መርማሪው ምኑን ይሰርዛል?

በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ተመልካቹም በአብዛኛው ስደተኛ ወገን ነበረ። ኃይሉ፥ ግርማ፥ ሞገስና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። ኃይሉ በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ካወጣ በኋላ በዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ያዘ። በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

የሸክላው ትንሣኤ የተጀመረው ግን ከዚሁ ከጎጃም ምድር መሆኑ ያስደንቃል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን የኃይሉን ካሴት በባሕር ዳር አገኘው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። በሚቀጥለው ዓመት «ቼ በለው» ራሱ ታተመ። አንቲባላስን የመሳሰሉ የውጭ አገር ባንዶች «ሙዚቃዊ ስልት»ን ተጫውተውታል፤ አማርኛ አለማወቃቸውም አላገዳቸውም። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጣ።