ምራቂ የማያውቀው ስፍር

ገበያ ወጥቶ እህል የሸመተ ሰው ስፍር የሚባለው ነገር ስንት ክርክር እንደሚያስነሣ ያውቃል። ቁናው ይቆለል ወይስ ከአፉ እኩል ይሁን? እህሉ ይጠቅጠቅ ወይስ እንደ ወረደ ይተው? ክርክሩ ሲያልቅ ሻጯ በእጇ ዘግና ጥቂት ትጨምራለች። ያችን ጭማሪ ምራቂ እንላታለን። ከምርቃት ጋር ሥሯ አንድ ነው፤ መረቀ ማለት ባረከም ጨመረም ነውና። ቋንቋችን በአንዲት ጭብጥ ጤፍ ላይ እንኳ ሰምና ወርቅ ማኖሩ ይገርመኛል።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ምራቂን ጨርሶ ስለማያውቅ አንድ ሰፋሪ ነው፤ በየመንገዱ ዳር ቆሞ ቤንዚንና ናፍጣ ስለሚሰፍረው የማደያ ፓምፕ። ገዢው የሚገዛውን ዕቃ አያየውም። ነዳጁ ከመሬት በታች ከተቀበረ ጋን ይነሣል፣ በጎማ ቱቦ ያልፋል፣ መኪናው ሆድ ውስጥ ወዳለ ሌላ ጨለማ ይገባል። ያላየውን ነገር «ልክ ነው» ብሎ እንዲከፍል ያደረገው ምን ይሆን? እኔ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህ ጥያቄ ይነካኛል፤ በደንበኛው ዓይን ፊት ያልተቆጠረ ብር ምን ያህል ጭቅጭቅ እንደሚወልድ አይቻለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹን የኛ መሆናቸውን ካላመለከትኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ነገሩ የሚጀምረው መኪና በየመንገዱ ሳይታይ ነው። በ1885 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ፎርት ዌይን በምትባል ከተማ፣ ሲልቫነስ ባውዘር የተባለ ሰው ለአንድ ባለ ሱቅ የላምባ መቅጃ ሠርቶ ሸጠ። በባለ ሱቁ ቤት የላምባው በርሜልና የቅቤው በርሜል ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ወደ ሌላው እየገባ ደንበኛ ማስቀየሙ ለፈጠራው ምክንያት እንደ ሆነ ይተረካል። በኋላ መኪና ሲበዛ ይኸው ሰው በ1905 ፓምፑን ለቤንዚን እንዲስማማ አደረገው። ስሙም በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ የማደያ ፓምፕ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በፊት ቤንዚን ፈላጊ የት ይሄድ ነበር? በ1888 ቤርታ ቤንዝ የባሏን አዲስ መኪና ይዛ፣ ሁለት ልጆቿን አሳፍራ በጀርመን አገር ረጅም መንገድ ስትጓዝ ነዳጅ የገዛችው ቪስሎኽ ከሚባል ከተማ ፋርማሲ ነው። ፋርማሲው ለቆሻሻ ማስለቀቂያ የሚሸጠው ፈሳሽ ነበር።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ልቡ ያለው ከዚህ በኋላ በመጣው የመስታወት ፓምፕ ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹ ፓምፖች ሥራቸውን በብረት ሆዳቸው ውስጥ ደብቀው ስለሚሠሩ ገዢው አላመናቸውም። እውነት አምስት ጋሎን ነው? ንጹሕ ነው ወይስ ውኃ የገባበት? መልሱ መስታወት ሆነ። ከፓምፑ አናት ላይ ረጅም የመስታወት ገንቦ ተተከለ፤ በጎኑም የጋሎን ምልክት ተደረገበት። ቀጂው መያዣውን ወዲያና ወዲህ እየገፋ ቤንዚኑን ከምድር በታች ወደ መስታወቱ ያወጣል፤ ደንበኛው በዓይኑ ይቆጥራል፤ ከዚያም ቤንዚኑ በራሱ ክብደት በቱቦው ቁልቁል ይወርዳል። ኩባንያዎች ደግሞ ቤንዚናቸውን ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያገቡበት ጀመር። በ1920ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ መንገዶች ዳር ቀለማቸው ከሩቅ የሚታይ የመስታወት ዓምዶች ተሰልፈው ቆመዋል። ቅኔ ወዳድ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚያምር የንግድ ዕቃ ያለ አይመስለኝም፤ ሐቀኝነት በመስታወት ተቀድቶ!

ታዲያ ዘመኑ ብዙ አልቆየም። መስታወቱ ይሰበራል፣ መግፋቱ ያደክማል፣ ተራው ይረዝማል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ነዳጁን በራሱ ቆጥሮ እንደ ሰዓት ባለ ገጽ የሚያሳይ ፓምፕ መጣ። ነገር ግን ይህን ልብ በሉልኝ፦ ቆጣሪው ከመጣ በኋላም ሠሪዎቹ ከፓምፑ ጎን ትንሽ የመስታወት መስኮት ተዉ። በውስጧ ትንሽ መዘውር ነበረች፤ ነዳጅ ሲያልፍ ትዞራለች። ለልኬታው ምንም አትጠቅምም። የቆመችው ለገዢው ዓይን ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ያቺው ፎርት ዌይን እንደ ገና ትመጣለች። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዚያች ከተማ የነበረው የዌይን ፓምፕ ኩባንያ መጠኑንና ሒሳቡን ጎን ለጎን የሚያሳይ ፓምፕ ለገበያ አወጣ። ጋሎኑን በዋጋው ማባዛት ከቀጂው ጭንቅላት ወጥቶ ለጥርስ ለጥርስ ለተያያዙ መዘውሮች ተሰጠ።

የዛሬው ፓምፕ ሆዱ ሲከፈት ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። በብዙዎቹ ዘንድ ነዳጁ ቆጣሪ ውስጥ ሲገባ ልካቸው የታወቀ ትናንሽ ክፍሎችን ይሞላል፤ ፒስተን ይገፋል፤ ክፍሉ ይራገፋል፤ ሌላው ይሞላል። እነዚህን ክፍሎች ያለማቋረጥ የሚሞሉና የሚራገፉ ቁናዎች ብንላቸው አላበዛንም። የዘንጉን መዞር መሣሪያ ወደ ኤሌክትሪክ ምት ይለውጠዋል፤ ምቱ ተቆጥሮ በሰሌዳው ላይ ሊትርና ብር ይሆናል። ጋኑ ሲሞላ ቀጂው ሳይነካው ቀጥ የሚለው መቅጃም ምሥጢሩ ቀላል ነው። ከአፉ ጫፍ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ነዳጁ ሲፈስ በእርስዋ በኩል አየር ይሳባል። ነዳጁ ከፍ ብሎ ቀዳዳዋን ሲደፍናት አየር ያጣው መሳብ ውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ይጎትትና መዝጊያውን ያስለቅቃል።

«ቤንዚን በጠዋት ግዛ፣ በቀዝቃዛ ሰዓት ይበዛልሃል» የሚሉ አሉ። ቤንዚን ሲሞቅ መስፋቱ እውነት ነው፤ ለእያንዳንዱ አሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ በመቶ ገደማ ይሰፋል። ነገር ግን ጋኑ ከመሬት በታች ነውና የቀኑ ሙቀት እምብዛም አይደርስበትም። ጠዋት የሚሄድ ሰው ትርፉ የተራው ማጠር ነው።

እዚህ ላይ ልኩ ተስተካከለ፣ ክርክሩም ቀረ እንል ይሆናል። ዋጋ የሚሉት ግን አለ። የአሜሪካ ማደያዎች ቤንዚንን እስከ ሳንቲም አሥረኛ ድረስ ተምነው ይሸጣሉ፤ ማንም ሰው በእጁ ይዞት የማያውቅ ገንዘብ ነው። በ1979 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ብዙዎቹ መዘውር ያላቸው ፓምፖች በጋሎን ከ99.9 ሳንቲም በላይ መቁጠር አልቻሉም። ሠሪዎቻቸው ቤንዚን አንድ ዶላር ይደርሳል ብለው አላሰቡም። ባለ ማደያዎች ዋጋውን በግማሽ ሞልተው የመጣውን ሒሳብ በሁለት እያባዙ አስከፈሉ። ያ ሁሉ የመተማመን ጥበብ፣ ያ ሁሉ መስታወትና መዘውር፣ ለጊዜው ወደ ቀጂው ቃል ተመለሰ።

በእኛም አገር የፓምፑ ቁጥር ከፓምፑ የበለጠ ነገር አንቀሳቅሷል። በ1973 መጨረሻ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ድርብ ሆነ፤ መንግሥትም የቤንዚንን ዋጋ በ50 በመቶ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ በዚያው ቀን ወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ። ግን የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአብዮቱ ምክንያት ቤንዚን ነው የሚል ሰው ታሪክን ያሳጥራል። ቢሆንም ያን ሰሞን ሊትሩ ትክክል መሆኑ ማንንም አላጽናናም።

ስለ አከፋፈሉ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ በ1947 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሾፌሩ ራሱ የሚቀዳበት ማደያ ተከፈተ፤ ዋጋው ቀነሰ ያለ ነበር። በ1964 በኮሎራዶ ፓምፑን ከሩቅ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ሻጩ ከመስኮቱ ጀርባ ሳይነሣ ይሸጥ ጀመር። ቀድቶ የሚያመልጥ ሲበዛ «አስቀድመህ ክፈል» መጣ፤ ቀጥሎ ካርድ። በመጀመሪያ ገዢው ሻጩን አላመነም ነበር፤ አሁን ሻጩ ገዢውን አላመነም።

እኛ ዘንድ ቀጂው አልቀረም። ጥሩ ቀጂ ከመጀመሩ በፊት ሰሌዳው ዜሮ ላይ መሆኑን ያሳያል፣ «የስንት ልቅዳ?» ይላል። ድሮ በጣቶቹ መካከል የታጠፈ የብር ክምር ይዞ መልስ ይመልስ ነበር። ከማደያ ወደ ባንክ የሚመጣ ገቢ ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር፤ ብሩ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ከቆጠሩትም በኋላ ሽታው ከጣት አይለቅም። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከግንቦት 1 ጀምሮም በአገሪቱ ሁሉ የነዳጅ ግብይት በቴሌብርና በመሰል የስልክ መክፈያዎች እንዲሆን ታዘዘ። ያ ሽታ ከእጄ እየራቀ ሄደ። ሰሌዳው ቆሟል፣ ሊትሩም ብሩም ተጽፏል። ሾፌሩ ስልኩን ወደ ቀጂው ያዞራል፤ ቀጂው ደግሞ የራሱን ስልክ ያያል። መልእክቱ እስኪገባ ሁለቱም ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ይነፋል።