የአያት ውጅግራ፤ ስለ ውርስ ጠመንጃዎች አመጣጥና አጠባበቅ

በሸዋም ይሁን በጎጃም፣ በቤጌምድርም ይሁን በወሎ፣ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ አሮጌ ጠመንጃ በግድግዳው ላይ የተሰቀለበት ቤት ብርቅ አልነበረም። ርስቱ በዘር ቆጠራ ሲካፈል፣ ከብቱም በየድርሻው ሲነዳ፣ ጠመንጃው ግን ለሁለት የማይከፈል ንዋየ ሐቅል በመሆኑ፣ አባት የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎቹን ከአልጋው አጠገብ አስቀምጦ በሚናዘዝበት ሰዓት ማን እንዲይዘው እንደሚፈቅድ ስም ጠርቶ ይናገር ነበር። ባለቤቱም ሲሞት በለቅሶው ቀን ከፈረሱና ከጋሻው ጋራ አደባባይ ወጥቶ፣ አልቃሿ የሟቹን ሙያ በምታነሣበት ጊዜ ለሕዝብ ይታይ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለማደስ የሚነሣ ሰው ሁሉ፣ ዘይትና መወልወያ ከማንሣቱ በፊት፣ ጠመንጃው ከየት እንደ መጣና በማን እጅ እንዳለፈ ሊመረምር ይገባዋል።

ከፊሉ በስጦታ፣ ከፊሉ በግዢ፣ ከፊሉም በምርኮ የገባ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ፣ ለጦሩ መንገድ በመስጠትና በስንቅ በመርዳት ውለታ ለዋሉት ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ናፒር መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ፤ እሳቸውም በ1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ካደረጉ በኋላ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅ ሠራዊት ሲደመሰስ ደግሞ፣ የኬዲቭ እስማኤል ወታደሮች ታጥቀውት የመጡት ሬሚንግተን በብዛት በወገን እጅ ገባ። በደቡብ ግን ንጉሥ ምኒልክ ከነጋዴ ይገዙ ነበር፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ በንግድ ሲኖር፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2,000 የሚሆን አሮጌ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ እንጦጦ ደረሰ፤ ንጉሡም በዋጋው ተከራክረው ካሰበው በታች ከፈሉት። በ1880 ዓ.ም. ኢጣልያ፣ ከአፄ ዮሐንስ ጋራ ባላት ጠብ ምኒልክ ገለልተኛ ሆነው እንዲቆዩ በማሰብ፣ 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ውል ገባች። ያችው ኢጣልያ ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ላይ ምኒልክን ወግታ ድል ሆነች።

ከሁሉም በላይ በየቤቱ የገባው ግን ውጅግራ ነው። ይህን ጠመንጃ ባዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ መኮንን የቀድሞውን የወረቀት ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ወደ ናስ ቀለህ በመለወጥ ያበጀው ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874 ለሠራዊቱ ታደለ፤ ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበን ስትይዝ፣ ያረጀው ውጅግራ ለነጋዴዎች ተለቅቆ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ጎረፈ። ክብደቱ ከ4 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ አፉ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚጎርሰውም አንዲት ጥይት ብቻ በመሆኑ ተኳሹ በየተኩሱ መቀርቀሪያውን ስቦ ሌላ ያጎርሳል። ጥይቱም ከመከበሩ የተነሣ በገበያ እንደ አሞሌ ጨው የብር ዝርዝር ሆኖ እስከ መገበያያነት ደርሶ ነበር፤ የተተኮሰውንም ቀለህ ማንም አይጥለውም፣ አገር ውስጥ የተወቀጠ ባሩድና የቀለጠ እርሳስ እየተሞላ ደጋግሞ ይተኮስበታልና።

በአምስቱ የጠላት ዘመን የኢጣልያ መንግሥት ሕዝቡ መሣሪያውን እንዲያስረክብ ባዘዘ ጊዜ፣ ብዙው ሰው ጠመንጃውን ከማስረከብ በዋሻና በጉድጓድ መቅበርን መረጠ። ዛሬ በአንዳንዱ ብረት ላይ የሚታየው ጠባሳ የዚያ መሬት ዝገት ሊሆን ይችላል፤ በሰደፉ ላይ በእርጥቡ ተጠፍሮ ሲደርቅ የጨበጠው ጠፍር ደግሞ፣ ፋብሪካ የሌለው ባለ እጅ የተሰበረውን እንጨት ያዳነበት ጥበብ ነው። ይህን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ጠፍሩን ቆርጦ ጥሎ፣ እንጨቱን በቫርኒሽ አብለጭልጮ እንደ አዲስ ዕቃ የሚያስመስል ሰው፣ ብራናውን የሚያነጻ መስሎት ጽሕፈቱን እንደሚፍቅ ሰው ያለ ጥፋት ያጠፋል። ይህን የምለው በጽኑ ስለማምንበት ነው። በቂው ሥራ ትንሽ ነው፤ ልቅ ዝገቱን በዘይትና በለስላሳ ጨርቅ በትዕግሥት ማንሣት፣ እንጨቱን በሰም መቀባት፣ የላላውን ማጥበቅ፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን የሴንት ኤቲየንን ወይም የሌላውን ፋብሪካ ስምና ዓመተ ምሕረት ግን ፈጽሞ አለመንካት።

ተኩሱን በተመለከተ ጥንቃቄው ይበልጥ መክበድ አለበት። ውጅግራና ሬሚንግተን የተበጁት ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ በውስጣቸው ሲቃጠል ግፊቱ ከአቅማቸው በላይ ስለሚሆን፣ መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ተወርውሮ የተኳሹን ዓይንና ሕይወት ሊወስድ ይችላል። ቱቦው በውስጡ መሰንጠቁ ወይም መበላቱ፣ መቀርቀሪያው በቦታው ረግቶ መግጠሙ በባለሙያ ሳይመረመር አንድም ጥይት አይጎረስበትም። በጥቁር ባሩድ ከተተኮሰም በኋላ ጥላሸቱ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ብረቱን በፍጥነት ስለሚበላው፣ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ሊቀባ ይገባል። ዘመኑን ጨርሶ ቱቦው የሳሳው ጠመንጃ ደግሞ ዝም ብሎ ቢሰቀል ክብሩ አይጎድልበትም፤ ለሰርግ ደስታ ተብሎ እንዲህ ያለውን መተኮስ በእኔ ፍርድ ድፍረት ነው።

እንግዲህ ውርስ ጠመንጃ በእጅህ ያለ አንባቢ ሆይ፣ በመጀመሪያ በአገሩ ሕግ መሠረት አስመዝግበህ ፈቃዱን ያዝ። ቀጥሎም አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ፣ ጠመንጃውን ማን እንዳመጣው፣ በየትኛው ዘመቻ እንደ ተያዘ፣ በጠላት ዘመን የት እንደ ተቀበረና ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ጠይቀህ በቀለም ጻፈው፤ አንዱን ቅጂ ከጠመንጃው ጋራ አኑረህ ሁለተኛውን ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለቤተ መዘክር ስጥ።