የውስኪ ጣዕምና የቀረጥ መስመር

የስኮትላንድ ውስኪ በተወሳ ቁጥር የተራራው፣ የምንጩና የጭጋጉ ውዳሴ ይቀድማል፤ የየአውራጃው ጣዕምም የተፈጥሮ ስጦታ ነው ይባላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ከውሃው ይልቅ ቀረጡ፣ ማገዶውና የገባሩ ኑሮ ጎልተው ይታያሉ።

በ1494 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጻፈ የቤተ መንግሥት መዝገብ፣ ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ ለአረቄ የሚሆን ብቅል እንደተሰጠው ይመሰክራል። ከዚያም ለረጅም ዘመን ውስኪ ማውጣት ከእርሻ ያልተለየ የቤት ሙያ ሆኖ ኖረ።

የብሪታንያ ፓርላማ በ1784 ባወጣው ሕግ ስኮትላንድን በቀረጥ መስመር ለሁለት ከፈላት። ቀረጡ በማውጫው ጋን መጠን ስለተተመነ፣ ከመስመሩ በታች ያለው የሎውላንድ ባለሀብት ጋኑን ጠፍጣፋ አድርጎ በማሠራት ቶሎ ቶሎ ያወጣ ጀመር፤ ከዚህ ጥሬ መጠጥ ብዙው ወደ ለንደን እየተላከ ጂን ይሠራበት ነበር። የሃይላንድ ደገኛ በትንሽ ጋን፣ በዝግታ ያወጣው መጠጥ ይበልጥ ተወዳጅ ሆነ። ሆኖም ከመስመሩ አሳልፎ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ክልከላው ኮንትሮባንድን አስፋፋ። ገባሩ የመሬት ኪራዩን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ከዚሁ የድብቅ ውስኪ ሽያጭ ስለነበር፣ በዳኝነት ወንበር የተሰየመው ባለርስት ራሱ አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። ውስኪን በግጥም ያወደሰው ሮበርት በርንስ በ1789 የቀረጥ ሠራተኛ ሆኖ መቀጠሩም የዘመኑን ቅራኔ ያሳያል።

የ1823ቱ ሕግ ቀረጡን ቀንሶ በ10 ፓውንድ ፈቃድ ሰጠ፤ ዳሩ ግን ከ40 ጋሎን በታች በሚይዝ ጋን መሥራትን ከለከለ። ትንሹ ገበሬ ከሙያው የተገፋው በዚህ መንገድ ነው። በ1824 በግሌንሊቬት ፈቃድ ያወጣው ጆርጅ ስሚዝ ከጎረቤቶቹ ጥቃት ለመዳን ሽጉጥ ታጥቆ ይንቀሳቀስ ነበር።

የአይላ ደሴት ውስኪ የጢስ ጣዕም ደግሞ ከማገዶ እጦት የተወለደ ነው። እንጨትና የድንጋይ ከሰል ብርቅ በሆኑባት ደሴት፣ ብቅሉ የሚደርቀው ፒት በሚባለው፣ ከረግረግ ተቆፍሮ በሚደርቅ የበሰበሰ የዕፅዋት አፈር እሳት ነበር። ጋን በወይራ ላጠነ ሰው ይህን ማስረዳት ብዙ ቃል አይጠይቅም። በስፔይ ወንዝ አካባቢ ግን ከ1860ዎቹ ጀምሮ ባቡር ከሰል ስላደረሰ ጢሱ እየሳሳ ሄደ።

የዓለምን ገበያ የያዘው ግን ቅይጡ ውስኪ ነው። ኢኒያስ ኮፊ በ1830 ግድም የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ ያለማቋረጥ የሚያወጣ መሣሪያ ርካሽ የእህል አረቄ አስገኘ፤ ነጋዴዎችም ከብቅል ውስኪ ጋር ቀየጡት። የፈረንሳይ ወይን በተባይ ሲጠቃ ኮኛክ ያነሰው የእንግሊዝ ከበርቴ ፊቱን ወደዚህ መጠጥ አዞረ።

በዚህ ገበያ ከ20 በላይ ማውጫዎች የነበሯት የካምብልታውን ወደብ፣ ከአሜሪካ የመጠጥ ክልከላና ከኢኮኖሚው ድቀት በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሁለት ብቻ ቀሯት። በ2009 የወጣው የብሪታንያ ደንብ ግን ከሃይላንድ፣ ከሎውላንድ፣ ከስፔይሳይድና ከአይላ ጋር ስማቸው በሕግ ከተጠበቀ አምስት አካባቢዎች አንዷ አድርጓታል።