የቆዩ የእጅ ሰዓቶችን መሰብሰብ

የቆዩ የእጅ ሰዓቶችን መሰብሰብ፦ ከአሥርተ ዓመታት በፊት የተሠሩ፣ በተለይም ያለ ባትሪ በሞላ የሚሠሩ የእጅ ሰዓቶችን እየመረጡ የመግዛት፣ የመጠገንና የመጠበቅ ልማድ ነው።

አመጣጥ፦ የጃፓኑ ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1969 በባትሪ የሚሠራ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያቀርብ የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪዎች ክፉኛ ተጎዱ። ባለሞላው ሰዓት ጊዜ ለማወቅ የግድ መሆኑ ሲቀር ግን የእጅ ጥበቡ በሰብሳቢዎች ዘንድ ጎልቶ ታየ።

የምርጫ ለውጥ፦ ቀድሞ ይበልጥ የሚፈለጉት የወርቅና ውስብስብ አሠራር ያላቸው ሰዓቶች ነበሩ። በኋላ የጠላቂዎች፣ የአብራሪዎችና የመኪና ተወዳዳሪዎች የብረት ሰዓቶች ተወደዱ። ሮሌክስ በ1963 ያወጣው ዴይቶና የተሰኘ የተወዳዳሪዎች ሰዓት መጀመሪያ ገዢ አጥቶ ነበር፤ የተዋናዩ ፖል ኒውማን የግል ዴይቶና ግን በ2017 በኒውዮርክ የፊሊፕስ ጨረታ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ከ2022 ወዲህ የብዙ ሰዓቶች ዋጋ ሲረግብ፣ አነስተኛ ስፋት ያላቸውና እንደ ካርቲየር ያሉ ክብ ያልሆኑ ሰዓቶች ፈላጊያቸው በዝቷል።

ይዞታ፦ ቀድሞ የደበዘዘ ገጽ እንደገና ይቀባ፣ የተጫረ ቀፎም ይወለወል ነበር። ዛሬ ይህ ዋጋን ይቀንሳል። የጠፋ የፋብሪካ ቀለምና ቅርጽ ስለማይመለስ፣ ሳይነካ የኖረ ሰዓት የላቀ ክብር ይገባዋል።

የባለቤትነት ታሪክ፦ የሰዓቱ የቀድሞ ባለቤት ማንነት ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የፓቴክ ፊሊፕ ባለዘላቂ ቀን መቁጠሪያ ሰዓት በ2017 በጄኔቭ የክሪስቲስ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።