ሕፃናት ሠዓሊውን በሥዕል መጽሐፍ ስለ ማወቃቸው

ሕፃን ፊደል ሳይቈጥር ሥዕል ያነባል። ይህም ነገር በአገራችን ዛሬ የተዠመረ አይደለም፤ አባቶቻችን የመቅደሱን ግድግዳ በሥዕል የሞሉት ማንበብ ለማይችለው ሰው መጽሐፍ ይኾነው ዘንድ ነው። እናቱ እጁን ይዛ ያስገባችው ልጅ፣ ጻድቁ ፊት ለፊት በኹለት ዓይን፣ ክፉው ግን በጐን በአንድ ዓይን መሣሉን ቀስ በቀስ ያስተውላል።

ነገር ግን ሥዕሉን የሚያውቅ ልጅ ሠዓሊውን አያውቅም፤ ከቀደሙት ሠዓልያን ብዙዎቹ ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋልና። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) የነበረው ፍሬ ጽዮን የታወቀው፣ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ስለ ተጻፈ ነው። ስምን መሰወር ትሕትና መኾኑ እውነት ነው። ልጅ ግን ሥዕል በሰው እጅ፣ በትምህርትና በድካም መሠራቱን ካላወቀ፣ «እኔም እሞክራለሁ» ብሎ እርሳስ አያነሣም።

በኤውሮጳ ይህን ለማስተማር ልዩ ልዩ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1888 እ.ኤ.አ. በአርል ከተማ ሳለ የፖስታ ሠራተኛውን የሩላንን ቤተ ሰብ ሣለ፤ ካሚል የሚባለውም ልጅ ከተሣሉት አንዱ ነበረ። እንግሊዛዊው ሎረንስ አንሆልት በ1994 እ.ኤ.አ. ይህን ሕፃን ባለ ታሪክ አድርጎ ለልጆች የሥዕል መጽሐፍ አወጣ። አንባቢው ሕፃን ወደ ሠዓሊው የሚገባው በእኩያው በር ነው።

ይህ ብልሃት ለወለጋ ሰው እንግዳ አይኾንበትም። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 እ.ኤ.አ. በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ባሳተሙት የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ተረትንና ምሳሌን አግብተው፣ ልጅን በሚያውቀው ነገር ወደማያውቀው ፊደል መሩት። በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ነቀምቴ መጥተው ያስተማሩትም እነዚሁ ናቸው። በተረት ፊደል ከተማረ፣ በተረት ሠዓሊን ማወቅ እንዴት ይከብዳል?

እንግዲህ ከእኛ ወገን የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን ታሪክ እንመልከት። ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለደ፤ ልጅነቱንም በጠላት ወረራ ዘመን አሳለፈ። ገና በጕብዝናው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ፤ ልቡ ግን ወደ ሥዕል አዘነበለና በሎንዶን በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ድንጋይ ሊፈልግ ሄዶ ቀለም ያገኘው ይህ ጐልማሳ፣ በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው ለአፍሪካ አዳራሽ ስፋቱ 150 ሜትር ካሬ የኾነ ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል ሠራ። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ብርሃን ሲያልፍበት የሚያበራው ሥራው ግን እስከ ዛሬ ይታያል።

ይህን ለሕፃን የሚያዘጋጅ ሰው ዓመተ ምሕረትን መደርደር የለበትም። በአንዱ ገጽ መስኮቱን በሙሉ፣ በሚቀጥለው አንዲት ፊት ወይም አንድ እጅ ብቻ አጕልቶ ያሳየው፤ «ይህ ሰው ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቀው፤ ከዚያ በኋላ የሠዓሊውን ስም ይንገረው። ልጁ መልሱን በራሱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ኾነ በአማርኛ፣ ይስጥ። በነቀምቴ በበከኒሳ ቀሴ ያለ ሕፃን አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄድ አዳራሹን በጕልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያል።

አፈወርቅ ራሱ በሎንዶን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን የብራና ሥዕል አጥንቷል። ስማቸው ያልታወቀ አባቶች በብራና የሣሉት ለታላቁ ሠዓሊ መምህር ከኾነው፣ ለዛሬው ሕፃን ሥዕል ያለበት መጽሐፍ መግዛት ከንቱ ወጪ አይደለም። ስለዚህ ወላጅም መምህርም ገጹን ሲገልጥ «ይህን ማን ሠራው?» ማለትን አይርሳ።