ከአብሾ እስከ ኮኬይን፦ የምዕራብ ወሎ ደጋ ፍርድ

አንድ ብርሌ ቀምሶ ጠብ የሚያነሣ ሰው ሲገጥም «አብሾ አለበት» ይባላል። በምዕራብ ወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላምም ሆነ በአማራ ሳይንት፣ ይህን የሚል ሁሉ የቃሉን ምንጭ አያስታውስ ይሆናል። አብሾ ከአስተናግር ፍሬ የሚዘጋጅ፣ የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው፣ ቅኔው እንዲፈታለት ብሎ የሚወስደው ነገር ነው። አስተናግር በየጓሮው የሚበቅል አረም ቢሆንም ፍሬው ያቃዣል፤ መጠኑ ካለፈ ያሳብዳል፣ ይገድላልም። ያም ሆኖ አእምሮው የተናጋ ተማሪ ይታዘንለታል እንጂ ሲወገዝ አልሰማሁም። ለዕውቀት ብሎ ያደረገው ነዋ! የዚህ ደጋ ሰው ስለሚያነቃና ስለሚያፈዝ ነገር ሲፈርድ አስቀድሞ የሚጠይቀው ከማን ጋር ሆኖ፣ ለምን ብሎ እንደወሰደው ነው። ሕግ ደግሞ የሚጠይቀው ምን እንደወሰደ ብቻ ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ብዙ ሰው ወድቋል።

ጫትን እንውሰድ። በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ሙስሊም ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መዛቱን ይነግረናል። ቅጠሉ ያን ጊዜም የሃይማኖት ምልክት ነበረ ማለት ነው። በወሎ ሼኾች ዘንድ ጫት የሌሊት ዱዓ ጓደኛ ሆኖ ኖረ። ሐድራው ተነጥፎ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ መንዙማው ሲወርድ ቅጠሉ እንቅልፍ ያባርራል፤ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ጀማው አሚን ይላል። የተጣላ የሚታረቀው፣ ለታመመ የሚለመነው እዚያው ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ እስላም ክርስትና እንዲነሣ ሲያውጁ የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ብዙው ሕዝብ ግን ቀን የሆነውን ሌሊት አልሆነም። እንዲህ ባለ ዘመን አንድ እስር ጫት ይዞ መገኘት ማንነትን መናገር ነበር።

በክርስቲያኑ ዐይን ቡናም ከጫትና ከትምባሆ ጋር በአንድ ተፈርጆ ኖሯል። በምኒልክ ዘመን ግን ውግዘቱ እየላላ ሄደ፤ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ቡና የማይፈላበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ትልቅ ነውር የነበረ ነገር በሁለት ትውልድ ውስጥ የእንግዳ ክብር ሆነ። ይህን ለውጥ ማንም አዋጅ አላመጣውም፤ ጎረቤት ከጎረቤት እየተጠራራ ነው የመጣው።

የትምባሆ መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አጫሹን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይተረካል። በኋላ መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ኒያላ ሲጋራን ሸጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ድርሻው ለጃፓን ኩባንያ መተላለፍ ጀመረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ማጨስን ከለከለ። ሕጉ ሦስት ጊዜ ሲገለባበጥ የደጋው ሰው አጫሽን መጸየፉን አልተወም።

አደንዛዥ ዕፅ የሚለው ቃል የመጣው በሌላ በር ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አካተተው፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 525 አምራቹን፣ አዘዋዋሪውንና ተጠቃሚውን አንድ ላይ አስቀመጠ። ከዚህኛው ሕግ ጀርባ እ.ኤ.አ. የ1961 ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት አለ። ያ ስምምነት ኮኬይን የሚወጣበትን የኮካ ቅጠል ማኘክ በ25 ዓመት ውስጥ እንዲጠፋ ወስኖ ነበር። የአንዲስ ተራራ ገበሬ ግን ቅጠሉን ለድካም፣ ለብርድና ለጸሎት ሲያኝክ የኖረ ነው። ቦሊቪያ ከስምምነቱ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ2013 የማኘክ መብቷን አስከብራ ተመለሰች። ለወሎ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በአገራችን የኤክሳይስ ታክስ የተጣለበት ጫት እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ ሕገ ወጥ ሆኗል። ደሴ ገበያ ላይ ግብር የሚከፈልበት እስር ለንደን ላይ ያሳስራል።

ኮኬይን ለመካነ ሰላም ነዋሪ የዜና ቃል ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሻንጣ ተደብቆ ተያዘ ሲባል ይሰማል። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ኢትዮጵያዊት ቻይና ውስጥ ኮኬይን ይዛ ተገኘች ሲባል ግን አገሩ ሁሉ «ተታልላ ነው» ብሎ አዘነ፤ ፊርማም አሰባሰበ። ያ ርኅራኄ ትክክል ነበር እላለሁ። ያስለቀሰን የሞት ቅጣት የሚያስፈራት ልጅ እንጂ የያዘችው ነገር አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ሱስ ለያዘው ልጅ ግን ይህን ያህል አንራራም።

የደጋው ጭንቀት ዛሬ ሌላ ቦታ ነው። ከቆላና ከወይናደጋ ተጭኖ የሚመጣው ጫት ዱዓ በሌለበት፣ ሽማግሌ በሌለበት ከምሳ በኋላ ይቃማል፤ ምሽት ላይ ጨብሲው በአረቄ ይከተላል። ቄሱም ሼኹም በዚህ ይስማማሉ፦ ድሮ ቅጠሉን የሚገዛው ጸሎቱ ነበር፤ አሁን ገዥ የለውም። ልጁ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ብቻውን ሲያወራ እናት ሱስ ነው ለማለት አትደፍርም። ዛር ነው፣ መተት ነው፣ ዐይነ ጥላ ነው ትልና ጠበል ይዛው ትወርዳለች፤ ወይም ሼኹ ዘንድ ወስዳ ታስመርቀዋለች። ጎረቤትም የሕመሙን ስም እያወቀ ዝም ይላል፤ ነገ ሥራ የሚፈልግ፣ ሚስት የሚያገባ ልጅ ነውና።